የኩርባው አራተኛ ሪፖርት

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሜትር ነው የሚሏት። ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ድረስ "ሜትር ገባች?" "ሜትር ወጣች?" ነው። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ነበር፤ ቢጫ የመለኪያ ሜትሯን በእጅ ቦርሳዋ ከትታ ወደ ቤት ስትሄድ አይተዋት። "እሷን ሻይ ብትጋብዟት መጀመሪያ የብርጭቆውን አፍ ትለካለች" እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ያሳለፈችው በአውራ ጎዳና አደጋ ምርመራ ላይ ነው። ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው።

ላላየው ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። መኪና ይጋጫል ወይም ይገለበጣል፤ ቁስለኛውና ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሜትር ትደርሳለች። ጎማ አስፋልቱ ላይ የተወውን ጥቁር ጭረት በጠመኔ ታከባለች፤ ርዝመቱን ትለካለች፤ ስብርባሪው የት የት እንደወደቀ ትመዘግባለች፤ የመንገዱን ተዳፋት በውሃ ልክ ታያለች። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ያን ሁሉ ቁጥር ወደ ቃል ትለውጠዋለች፤ መኪናው በምን ያህል ፍጥነት መጣ፣ ሾፌሩ የት ላይ ፍሬን ያዘ፣ ለምን አልቆመለትም። በሪፖርቱ ማብቂያ ላይ "ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደርስ" የሚል ክፍል አለ። ሌሎቹ መርማሪዎች "አሽከርካሪዎች ተገቢውን ጥንቃቄ ቢያደርጉ" ብለው በአንድ መስመር ይገላገሉታል። ሜትር ግን ሌላውን ሁሉ የምትጽፈው ለዚያ ክፍል ስትል ነው። "የቀረው ላለፈ ሰው ነው፤ ይቺ ብቻ ናት ገና ለሚመጣው" ትላለች።

ዋና ጣጣዋ ሠላሳ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ኩርባ ነበር።

ስለዚያ ኩርባ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሪፖርት ጽፋለች። የመጀመሪያውን ስትጽፍ ነገሩ አልገባትም ነበር። ቀን ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፤ የጭነት መኪናው ፍሬን ደህና ነው፤ ሾፌሩ አልጠጣም። ታዲያ ምን ሆኖ ገደል ገባ? ግራ ገብቷት ወረቀቷን ቤት ይዛ ሄደች። አባቷ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ዓይኑ ስለ ደከመ ንድፉን ማየት አልቻለም፤ ጣቱን ይዛ መስመሩን አስከተለችው። ሽማግሌው ጣቱ መሃል ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

"ይሄ ሠላሳ አራት ነው አይደል?"

"በምን አወቅኸው አባባ?"

"እንዴት አላውቀውም! ይሄ ኩርባ አታላይ ነው። ስትገቢበት ሰፋ ብሎ ይቀበልሻል፤ 'ነይ ግቢ፣ ችግር የለም' ይልሻል። ግማሽ ላይ ስትደርሺ ያጠብቅብሻል። ያን ጊዜ መሪ ብትጠመዝዢም፣ ፍሬን ብትይዢም አለቀልሽ። ደግሞ ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው። እኔ የማውቀው ስለማውቀው ነው፤ ለእንግዳ ሰው ግን ማን ይነግረዋል?"

በማግስቱ ተመልሳ ሄዳ ለካችው። ሽማግሌው እንዳለው ነበር። ኩርባው ግማሽ ላይ ሲደርስ በድንገት ይጠባል፤ አስፋልቱም መኪናውን ወደ ተራራው መያዝ ሲገባው ወደ ገደሉ ይገፋዋል። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ውሃው ከተራራው ወርዶ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ሁሉንም ጻፈች። ፍጥነቱ ወደ አርባ ይውረድ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ይተከል፣ በገደሉ በኩል የብረት አጥር ይደረግ፣ ሲቻል አስፋልቱ ይስተካከል አለች። ሪፖርቱ "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" የሚል ማህተም ተመቶበት ሄደ። በዚያው ውሃ በላው።

ሁለተኛው አደጋ ሲደርስ ያንኑ በሰፊው ጻፈች። በሦስተኛው ፎቶ ጨመረችበት፤ ሠንጠረዥም ሠራች። ከሁለተኛው በኋላ አንዲት የኩርባ ምልክት ተተክላ ነበር፤ ሦስተኛው አደጋ ላይ መኪናው ገጭቶ ጣላት። ያነሣት የለም። ሜትር ጠየቀች፤ በደብዳቤ አስታወሰች፤ ስልክ ደወለች። የሚያነሣው ሁሉ "ይዘነዋል" ይላታል። ይዘውት ቀሩ።

አራተኛው አደጋ የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ካፊያ እየጣለ ነው። ሚኒባስ ነበር፤ ስምንት ሰው ጭኗል። ሜትር ስትደርስ ሦስቱ ሞተው በጨርቅ ተሸፍነዋል፤ ወደ ተረኝነት ሥራዋ ትሄድ የነበረች ነርስ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ሽማግሌ። የተረፉት ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ሾፌሩ ብቻ ከፖሊስ መኪናው አጠገብ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ነበር። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎልማሳ ነው። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ እጁ ላይ የአንድ እግር የሴት ጫማ አለ። ከየት እንዳነሣው አያውቅም።

"እህቴ፣ ስንት ናቸው?" አላት።

ለመርማሪ እንዲህ ያለውን መመለስ አይፈቀድም። "የሕክምና ባለሙያዎቹ ይነግሩሃል" አለችው።

"መንገዱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስሎኝ..." አለና ቃሉን ሳይጨርስ ጫማውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "እኔ እኮ በዚህ መንገድ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው። የዘወትር ሾፌሩ ታሞ በእሱ ምትክ ነው የወጣሁት።"

ሜትር ፊቷን መልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች። የፍሬኑ ጭረት ርዝመት አርባ ሜትር ነበር። እርጥብ አስፋልት ጎማ የመያዝ አቅሙን ይዛ አሰላችው፤ በሰዓት ስልሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ወጣ። በዚያ መንገድ የተፈቀደው ስልሳ ነው። ደግማ አሰላች፤ ስልሳ ስምንት። ሦስተኛ ጊዜ አሰላች። በሕይወቷ አንድ ቁጥር ዝቅ እንዲልላት እንደዚያ ቀን ተመኝታ አታውቅም፤ ቁጥሩ ግን አልሰማትም። ያቺ የኩርባ ምልክት ቦዩ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ሣር በቅሎባት ተኝታለች። ፎቶ አነሣቻት።

አራተኛውን ሪፖርት በዘጠኝ ቀን ጨረሰችው፤ ሃያ ሁለት ገጽ። ኃላፊው ጠራት። ከእሷ በስድስት ዓመት ያንሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው የወረቀት ክምር ቁጭ ሲል አገጩ ድረስ ይደርሳል።

"ሜትር፣ ግሩም ሥራ ነው" አላት። "ግን ይሄ ለፍርድ ቤት የሚሄድ ነው። ፍርድ ቤት የሚፈልገው የሆነውን ነው። መደረግ ያለበትን ለብቻው አድርገሽ ለግንባታ ክፍል ጻፊው።"

"ለግንባታ ክፍል ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ እኮ።"

"አራተኛ ጻፊ።"

"እሺ፣ የመንገዱ ሁኔታ የሚለውስ? እሱ የሆነ ነገር ነው። ኩርባው ይጠባል፤ ያዘነበለው በተቃራኒው ነው፤ ምልክት የለውም።"

ኃላፊው መዝገብ ገለጠ። "ምልክት አለው። ይኸው፣ ሠላሳ አራት፣ የኩርባ ምልክት፣ ተተክሏል ይላል።"

"ቦይ ውስጥ ወድቃ ነው ያለችው! ፎቶዋ አለ!"

"መዝገቡ ግን አልተስተካከለም። መዝገቡን የሚያስተካክለው ጥገና ክፍል ነው። አንቺና እኔ ቆማለች የሚለውን መዝገብ ይዘን የለችም ብለን ብንፈርም ማን ነው የሚጠየቀው?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አውቃለሁ ሜትር። እኔም በዚያ መንገድ ነው እናቴን የምጠይቀው። ግን እጄ ላይ ያለው ይሄ ማህተም ብቻ ነው፤ አካፋ አይደለም።"

ሃያ ሁለቱ ገጽ ሰባት ሆነ። "የአደጋው መንስኤ" የሚለው ሣጥን ውስጥ የምትገባው አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር። ውሸት አይደለም። ሜትር ብዕሩን ይዛ ብዙ ከቆየች በኋላ ፈረመች። ያን ቀን ማታ አባቷ "ምን ሆንሽ?" ቢላት "ራሴን አሞኛል" ብላ አለፈችው።

ለምስክርነት የተጠራችው ከአራት ወር በኋላ ነው። የችሎቱ አዳራሽ ጠባብ ነበር፤ አንዱ መስኮት አልከፈት ብሎ ወበቁ ያፍናል። ተከሳሹ ፀጉሩ አጭር ተቆርጦ ከስቶ ቆሟል። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ወጣት ነው፤ ፋይሉን ያገኘው ያን ጠዋት እንደሆነ ከገጾቹ አገላለጥ ያስታውቃል።

ዐቃቤ ሕጉ ጠየቃት። "ተሽከርካሪው ሲጓዝ የነበረው በምን ያህል ፍጥነት ነው?"

"በስልሳ ስምንት።"

"የተፈቀደውስ?"

"ስልሳ ነው፤ ነገር ግን ቦታው ላይ..."

"የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ" አሉ ዳኛው፤ በቁጣ አይደለም፣ በልማድ ነው።

"ክቡር ዳኛ፣ አንድ ነገር ብቻ እንድጨምር ቢፈቀድልኝ። ያ ኩርባ..."

"በሪፖርትዎ ላይ አለ?"

ሰባቱ ገጽ ዳኛው ፊት አለ። "እዚህኛው ላይ የለም" አለች።

"እንግዲያው በሌለ ነገር ላይ ምስክርነት አንሰማም።"

ጠበቃው ተራው ሲደርስ ተነሣና "ያን ዕለት ዝናብ ነበር?" ብሎ ጠየቃት። "አዎ፣ ካፊያ ነበር" አለች። ሌላ እንዲጠይቃት ዓይን ዓይኑን አየችው። ስለ ምልክቱ ጠይቀኝ፣ ስለ ገደሉ ጠይቀኝ፣ ከዚህ በፊት ስንት ሰው እንደሞተ ጠይቀኝ እያለች በዓይኗ ለመነችው። ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ።

ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ሾፌሩ አልተቃወመም፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለእሱ ፍርዱ የሦስቱ ሰዎች ሞት ነበር፤ የቀረውን የሰማውም አይመስልም።

ሜትር ከደረጃው ስትወርድ አንዲት ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ከታች ቆመው ጠበቋት። ጥቁር ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ ተደግፈዋል። የሾፌሩ እናት ናቸው። ሜትር ስድብ ጠበቀች፤ ለስድብ ተዘጋጅታለች፤ ከዚህ በፊትም ተሰድባለች።

"አንቺ ነሽ የለካሽው ልጄ?"

"አዎ እማማ።"

"ስምንት ሲሉ ሰማሁ። በስምንት በለጠ አሉ። እኔ መኪና አላውቅም። ስምንት ማለት ስንት ነው?"

ሜትር ነገሩ ዱብ ዕዳ ሆነባት። "እማማ... እርስዎ አውቶቡስ እንዳያመልጥዎት ዱብ ዱብ ሲሉ የሚሮጡት ያህል ነው።"

ሴትየዋ ደረጃውን አዩ፤ መንገዱን አዩ። "እኔ ስሮጥ?" አሉ። "ታዲያ ይቺን ባይሮጣት ኖሮ ሰዎቹ ይተርፉ ነበር?"

ትክክለኛው መልስ "አይተርፉም" ነበር። ሜትር አስልታዋለች፤ በስልሳም ቢሆን ያ ኩርባ በዝናብ አይለቅም። በሃያ ሁለቱ ገጽ ውስጥ፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ አለ።

"አይተርፉም ነበር፤ ጥፋቱ የኩርባው ነው፤ የቆመ ምልክት እንኳ የለውም" አለች።

"ይሄን እላይ ለምን አልነገርሻቸውም?"

ሴትየዋ መልሷን አልጠበቁም። ጃንጥላቸውን አንሥተው "እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ" ብለው ሄዱ። ከስድቡ ሁሉ ያ "እግዜር ይስጥሽ" የባሰ አቃጠላት።

ከዚያ በኋላ ሜትር ያልሞከረችው የለም። ሃያ ሁለቱን ገጽ አባዝታ ለጠበቃው ወሰደችለት፤ "ይግባኝ ላይ እናየዋለን" አላት፤ ይግባኙ ሲታይ ስድስት ወር ተቀነሰ፤ ስለ መንገዱ ግን አንድ ቃል አልተነገረም። ለግንባታ ክፍል አራተኛውን ደብዳቤ ጻፈች፤ "በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል" የሚል መልስ መጣላት፤ ቃል በቃል ከሦስተኛው ጋር አንድ ነው፤ ቀኑ ብቻ ተለውጧል። እስር ቤት ሄዳ ሾፌሩን ልትጠይቀው ብላ እስከ በሩ ደርሳ ተመለሰች። ምን ልትለው?

ዝናቡ ሲጀምር የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር አንድ ወሬ ይዞ መጣ። "ሠላሳ አራት ላይ እኮ አንዲት ሴትዮ አብደዋል" አለ። "ዝናብ በዘነበ ቁጥር መሃል ኩርባው ላይ ቆመው ቀይ ጨርቅ ያውለበልባሉ። ትናንት ልገጫቸው ነበር!"

ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ጠራት። ጉዳዩ ከላይ መጥቷል፤ መንገድ ላይ እንቅፋት ተፈጥሯል፤ ባስቸኳይ ይነሣ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ያን ጠዋት ነው። ሜትር ቀኑን ደጋግማ አየችው። ለአሥራ አንድ ዓመት ስለዚያ ኩርባ በአንድ ቀን የተንቀሳቀሰ ወረቀት አይታ አታውቅም።

"ሂጂና በሰላም አነጋግሪያቸው" አላት ኃላፊው። "ፖሊስ እንድልክ አታድርጊኝ።"

ስትደርስ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብለጨልጫል። ሴትየዋ የሾፌሩ እናት ናቸው፤ በገደሉ በኩል፣ ልክ ኩርባው የሚጠብበት ላይ፣ ቀይ የአንገት ልብስ ይዘው ቆመዋል። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል። መኪና ከመንገዱ ሲወጣ የሚያልፍበት መስመር ላይ ናቸው። በአራቱም ሪፖርት ላይ የተነደፈው ቀስት የሚያበቃው እሳቸው እግር ሥር ነው።

"እማማ! ከዚያ ይውጡ! እባክዎን!"

"አንቺ ነሽ?" አሉ ሳይንቀሳቀሱ። "እነሱ ምልክት አናደርግም ካሉ እኔ ልሁንላቸው።"

"እዚህ ከቆሙ እርስዎን ገጭቶ ነው የሚወርደው። ደግሞ ሾፌሩ እርስዎን የሚያየው ኩርባው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬን ቢይዝ ይባስ ይንሸራተታል። ለማዳን ብለው ይገድሉታል።"

የሴትየዋ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ይሄን አላሰቡትም ነበር። ፊታቸው ሲጨማደድ አይታ ሜትር ምነው ባልተናገርኩ አለች በልቧ።

"ታዲያ የት ልቁም?" አሉ። "ቤት ቁጭ ብዬ ዝናቡን ስሰማ አልችልም። አንቺ አይደለሽ የምትለኪው? የት ልቁም፣ ንገሪኝ!"

ሜትር የተላከችው ልታስነሣቸው ነው። ቤትዎ ይግቡ ልትላቸው ይገባ ነበር፤ ሕጉም፣ ጤናቸውም፣ ደመወዟም ያንን ነው የሚሉት። ቆማ አሰበች። ከዚያ ቢጫውን ሜትር ከቦርሳዋ አውጥታ ጫፉን አስያዘቻቸው። ከኩርባው አፍ ወደ ኋላ ሰማንያ ሜትር ቆጥረው ሄዱ። በተራራው በኩል፣ ከቦዩ ማዶ፣ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አለ። ከግንቡ ኋላ የቆመ ሰው ከሩቅ ይታያል፤ መኪና ቢስት አይደርስበትም። ሜትር ድንጋዩ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመረች።

"ከዚህ አንድ እርምጃ እንዳይወጡ። ልብሱንም ከፍ አድርገው ይያዙት። ጭጋግ ካለ ይቅሩ፤ አያዩዎትም። ደግሞ ብቻዎን..."

"ከማን ጋር ልምጣ?" አሉ ሴትየዋ።

ጥቂት አብረው ቆሙ። አንድ የጭነት መኪና መጣ፤ ቀዩን ልብስ አይቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ምን ሆናችኋል እናንተ ሴቶች? አብዳችኋል እንዴ?" ብሎ ሰደባቸውና በዝግታ ኩርባውን ታጠፈ። "ቀስ በል ልጄ!" አሉት ከኋላው። ቀጥሎ የመጣው ሚኒባስ ግን ዞር ብሎም አላያቸው። ፍጥነቱን እንደያዘ ገባ። ሁለቱም ከኩርባው ወዲያ ያለውን ድምፅ አዳመጡ። ምንም አልተሰማም። አለፈ ማለት ነው። ሜትር ግንቡ ላይ ተቀመጠች።

ለኃላፊው "ግለሰቧ ከነበሩበት ቦታ ተነሥተዋል" ብላ ጻፈች። እሱም ምንም ሳይጠይቅ ማህተሙን መታበት።

ሴትየዋ ሁልጊዜ አልቻሉም። አንዳንዴ ብርድ ይጥላቸዋል፤ አንዳንዴ ልጃቸውን የሚጠይቁበት ቀን ከዝናቡ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ ሜትር ስልክ ይደወልላታል፤ "ልጄ፣ ዛሬ ማንም የለም እዚያ" ይሏታል። ሜትርም ቢሮዋ ውስጥ "እሺ እማማ" ትላለች። ሌላ ምን ትበል? ሥራ ጥላ ሄዳ አትቆም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ እንዲያ ተደውሎላት ከተዘጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እያጓራ ሳለ የቢሮው ስልክ ጮኸ። የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ዞረ። አነሣችው፤ ሰማች፤ "ስንተኛው ላይ?" አለች። ሠላሳ አራት አልነበረም። ሃምሳ አንድ ነበር፤ አንድም ሪፖርት ጽፋበት የማታውቀው፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ድልድዩ አጠገብ። ሁለት መኪና፣ ብዙ ሰው።

ለአንድ አፍታ እፎይ አለች። ወዲያው በራሷ አፈረች። ከዚያ የዝናብ ልብሷን አነሣችና ወጣች።